ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይስ የታመቀ አየር? በወሎ ለፔይንትቦል ማርከር ጋዝ የመምረጫ መመሪያ

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በማለዳ ተሰብስበን የፔይንትቦል (በቀለም ኳስ የመተኳኮስ ጨዋታ) ማርከሮቻችንን፣ ማለትም ኳሱን በጋዝ ግፊት የሚወረውሩትን መተኮሻዎች፣ ስንሞክር፣ የቀለም ኳሶቹ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርሱ አቅም አጥተው መሬት ላይ ይወድቁ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ የፍጥነት ማስተካከያ ብሎኑን እያዞረ፣ ኳሱ እንደ ልቡ እስኪሄድለት ድረስ ከፍ አደረገው። እኩለ ቀን ላይ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ያንኑ ማርከር ምንም ሳንነካው በፍጥነት መለኪያ ብንፈትሸው፣ ኳሱ በሰከንድ 104 ሜትር ይወረወር ነበር። በሌላው ዓለም ያሉ የመጫወቻ ሜዳዎች በአብዛኛው በሰከንድ ከ91 ሜትር በላይ አይፈቅዱም፤ ብዙዎቹም 85 ላይ ይገድቡታል። ማርከሩም ሆነ ብሎኑ አልተበላሸም። የተለወጠው የጋዙ ሙቀት ብቻ ሲሆን፣ ጋዙም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማርከር ያገኘ ሰው «የትኛውን ሲሊንደር ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴን ከሲሊንደሩ አልጀምርም። ማርከሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ጋዙ የት እንደሚሞላ፣ በየትኛው ከፍታና በየትኛው ሰዓት እንደሚጫወትበት አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እነዚህ ከተመለሱ ሲሊንደሩን መምረጥ ቀላል ነው።

መጀመሪያ፦ ማርከሩን ይለዩ

ማርከሩ ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ምርጫው እዚሁ ላይ አልቋል፤ የታመቀ አየር ይግዙ። የኤሌክትሮኒክስ ማርከር ጋዙን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሶሌኖይድ በሚባል ትንሽ ቫልቭ ነው። ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ጊዜ ወደዚያ ቫልቭ ከገባ ኦሪንጎቹን (ጋዝ እንዳያፈስ የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች) ያደርቃል፣ ቫልቩንም ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ መለዋወጫውን ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም አያገኙትም። በስፕሪንግና በመዶሻ ብቻ የሚሠራ ሜካኒካል ማርከር ግን፣ ለምሳሌ ቲፕማን 98፣ ሁለቱንም ይቀበላል። በዚህ ረገድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የቆየ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት የመጀመሪያው ጨዋታ ሲካሄድ ያገለገሉት፣ ዛፍና ከብት ለማመልከት የተሠሩት ቀለም መተኮሻዎች በ12 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለሃ የሚሠሩ ነበሩ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ የሁለቱም ጋዞች ሲሊንደር ማርከሩ ላይ የሚታሰርበት ጥርስ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ የተሳሳተውን ሲሊንደር ሲያስሩ የሚከለክልዎት ነገር የለም፤ ልክ ገባ ማለት ይሆናል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ይወቁ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጠው በአብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ወጥ ቤት ያለውን የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ያስቡ፤ ሲነቀነቅ ፈሳሹ ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማል፣ ምድጃው ለረጅም ሰዓት ከፍ ብሎ ሲነድ ደግሞ ሲሊንደሩ ቀዝቅዞ ያልበዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱም ባሕርይ ይኸው ነው። በተተኮሰ ቁጥር ከፈሳሹ በላይ ያለው ጋዝ ይወጣል፤ የወጣውን ለመተካት ፈሳሹ ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ ከራሱና ከሲሊንደሩ ይወስዳል። ስለዚህ ግፊቱን የሚወስነው የቀረው ፈሳሽ ብዛት ሳይሆን የፈሳሹ ሙቀት ነው፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 35 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ፣ በ10 ዲግሪ 45፣ በ20 ዲግሪ 57፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 72 ባር ይሆናል። ከ31 ዲግሪ በላይ ፈሳሽ የሚባል ነገር ጨርሶ አይኖርም፤ ከዚያ ወዲያ ግፊቱ የሚወጣው በሲሊንደሩ ውስጥ ምን ያህል እንደተሞላ እየተወሰነ ሲሆን፣ አወጣጡም ፈጣን ነው።

ከላይ የተረኩት የደሴና የኮምቦልቻ ነገር ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ቁጥሮች ይገለጻል። በማለዳው ብርድ 43 ባር ገደማ የነበረው ጋዝ ቀትር ላይ ወደ 70 ባር ተጠግቶ ነበር፤ ጓደኛችን ብሎኑን ያስተካከለው ለመጀመሪያው ግፊት ነው።

ጋዙ በፍጥነት ሲወጣ የሚሆነውን በዓይን ማየት ይቻላል። ደጋግመው ሲተኩሱ በመጀመሪያ የሲሊንደሩ አንገት ላይ ጤዛ ይወርዳል፤ ጤዛው ጥቂት ቆይቶ ነጭ አመዳይ ይሆናል፤ ኳሱም ከቀድሞው እያጠረ ይወድቃል። ሲሊንደሩ ከተዘቀዘቀ ወይም ከተናወጠ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ወደ ማርከሩ ይገባና ከአፈሙዙ እንደ በረዶ ብናኝ ነጭ ነገር ይተፋል። ያ ሲታይ ተኩስ ማቆም ይገባል፤ ቀጣዩ ኳስ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሊወጣ ወይም በርሜል ውስጥ ሊፈርስ ይችላል።

የታመቀ አየር ከዚህ የተለየ ነው። ሁልጊዜ ጋዝ እንጂ ፈሳሽ አይሆንም፤ በ207 ወይም በ310 ባር ይሞላል፤ ሲሊንደሩ ላይ የተገጠመው ሬጉሌተር ደግሞ ወደ ማርከሩ የሚሄደውን ግፊት በተለምዶ 55 ባር አካባቢ ላይ ያቆየዋል። ከውስጥ ያለው 200 ይሁን 100 ለማርከሩ ለውጥ የለውም። ሌላው ጥቅሙ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አይቶ የቀረውን ማወቅ መቻሉ ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ላይ ግን ጌጅ ቢገጠምም የሚናገረው ሙቀቱን እንጂ የቀረውን ስላልሆነ፣ የቀረውን ለማወቅ ሚዛን ላይ ከማስቀመጥ በቀር መንገድ የለም።

ሦስተኛ፦ የት እንደሚሞላ ሳያረጋግጡ አይግዙ

በእኛ አካባቢ ምርጫውን በእርግጥ የሚወስነው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «የታመቀ አየር» ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ጎሚስታ ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የሚያመነጨው ግን ከ8 እስከ 10 ባር ቢሆን ነው፤ ማርከሩ የሚፈልገው ሲሊንደር በትንሹ 207 ባር ይሞላል። ጎሚስታው ቀኑን ሙሉ ቢነፋልዎ አንድ ኳስ በወጉ አይተኩሱም።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው። ብየዳ ቤት ያለው ትልቅ ሲሊንደር ከፍተኛ ግፊት ስላለው «ከዚያ እንሙላ» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ያ ኦክስጅን ነው። በከፍተኛ ግፊት ላይ ያለ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግሪስ ካገኘ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ማርከር ደግሞ ዘይት የተቀባ ዕቃ ነው። በምንም ምክንያት፣ ለሙከራም ቢሆን፣ ኦክስጅን አይሙሉ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በከተሞቻችን አለ። ድራፍት የሚሸጡ ቤቶች ቢራውን የሚገፉት በዚሁ ጋዝ ስለሆነ ከእነሱ ወይም ከሚያቀርብላቸው ነጋዴ ማግኘት ይቻላል። ትልቁን ሲሊንደር ከባለቤቱ ጋር ተስማምተው፣ ትክክለኛውን መሙያ ይዘው መሄድ እንጂ ሠራተኛውን አባብለው በላስቲክ ቱቦ መሞከር አይገባም። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደርን ገልብጦ መጠቀም ደግሞ ነውር ነው፤ እሳት በተነሣ ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል።

የታመቀ አየር ለመሙላት በእውነት የሚሠሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ እስከ 300 ባር የሚደርስ፣ በደረጃ የሚያምቅ የእጅ ፓምፕ ሲሆን፣ ሌላው በመኪና ባትሪ ወይም በ220 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰር ነው። ፓምፑ ርካሽ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ባዶ ሲሊንደር ለመሙላት በመቶዎች የሚቆጠር ግፊያ ይጠይቃል። ከፍታችንም ዋጋ ያስከፍላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፓምፑ በአንድ ግፊያ የሚይዘው አየርም በዚያው መጠን ያንሳል፤ ስለዚህ ፓምፑ የመጣበት ወረቀት 300 ግፊያ ካለ ደሴ ላይ 400 ይጠብቁ። ብቻዎን ከሆኑ ይህ ስፖርት ነው ብለው ይያዙት። ስድስት ሰባት ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ኮምፕሬሰር መግዛቱ ያዋጣል፤ እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፦ ቦታውንና ሰዓቱን ያስቡ

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ባቲ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብላ ወደ 1,500 ሜትር ላይ ትገኛለች። በእነዚህ ቦታዎች ከረፋድ በኋላ በሜካኒካል ማርከር፣ ረጋ ብሎ አንድ አንድ ኳስ ለሚተኩስ ሰው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቂ ነው። ቀትር ላይ ግን ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ ያኑሩት። በደሴ፣ በኩታበርና ከሁሉም በላይ በጉጉፍቱ ብርድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማለዳ ጨዋታ አይሆንም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ሲሊንደሩን ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ ማሞቅ ለጥቂት ተኩስ ይረዳል፤ ምድጃ አጠገብ ማኖር ወይም የፈላ ውኃ ማፍሰስ ግን በጭራሽ አይሞከርም። በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ እየተዘዋወረ የሚጫወት ሰው አየር ይያዝ።

የታመቀ አየርም ቢሆን ከብርድ ጨርሶ ነፃ አይደለም፤ ሌሊት ውጭ ያደረ ሲሊንደር ጌጁ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሬጉሌተሩ የሚያወጣው ግፊት ግን ብዙም ስለማይለወጥ የኳሱ ፍጥነት አይናወጥም።

አምስተኛ፦ መጠኑን ያስሉ

በብዛት የሚገኘው ትልቁ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር 567 ግራም ይይዛል። ይህ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ 300 ሊትር ገደማ ነው። በሌላ በኩል 0.79 ሊትር የሚይዘው የአሉሚኒየም አየር ሲሊንደር በ207 ባር ሲሞላ የሚሰጠው ወደ 160 ሊትር ነው፤ ከዚያም ላይ ጌጁ ከ55 ባር በታች ሲወርድ ማርከሩ ስለሚደክም በተግባር የሚጠቀሙበት 120 ሊትር ያህሉን ነው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ የሚፈልግ ሰው 1.1 ሊትር የሚይዘውንና በካርቦን ፋይበር የተጠቀለለውን ባለ 310 ባር ሲሊንደር ይመርጣል። ያ ቀላልና ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን በእጅ ፓምፕ 310 ባር ማድረስ ፈተና ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰር ለሌለው ሰው ባለ 207ቱን እመክራለሁ።

ጌጆች ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በፒኤስአይ ነው። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ 3000 ማለት 207 ባር፣ 4500 ደግሞ 310 ባር ማለት ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ላይ ግን 1800 የሚል ታትሞ ያገኛሉ፤ ይህም 124 ባር ነው። እሱ ውስጥ 207 ባር አየር የሚሞላ ሰው ቦምብ እየሠራ ነው። አየር ሲሊንደር ውስጥም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሞላም፤ ሬጉሌተሩ ለዚያ አልተሠራም።

ስድስተኛ፦ ሲሊንደሩን ሳይፈትሹ ገንዘብ አይክፈሉ

ከውጭ ያገለገለ ዕቃ የሚያመጡልን ዘመዶች ብዙ ስለሆኑ ይህ ደረጃ አይዘለል። በአንገቱ ዙሪያ የታተመውን ቀን ያንብቡ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት ይፈተሻሉ፤ በካርቦን ፋይበር የተጠቀለሉት ደግሞ በአብዛኛው ከተሠሩ ከ15 ዓመት በኋላ ይወገዳሉ። የታተመው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። አንድ ወዳጄ 2014 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ገዝቶ ነበር። በፋይበሩ ላይ ክሮቹን የቆረጠ ጭረት፣ በአሉሚኒየሙ ላይ ጎድጓዳ ወይም የእሳት ምልክት ካለ ይተዉት። የተቀባ ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ ሻጩ ለምን እንደቀባው ይጠይቁ።

በዚሁ ወቅት አንድ ትንሽ ሥራ ይሥሩ። ከቫልቩ ጀምሮ እስከ ሲሊንደሩ አንገት ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ሲሊንደሩን ከማርከሩ ሲፈቱ ቫልቩና ሲሊንደሩ አብረው መዞር አለባቸው። ቫልቩ ማርከሩ ላይ ቀርቶ ሲሊንደሩ ብቻውን እየተፈታ ከሆነ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ያን ጊዜ ወዲያው ያቁሙ፤ ጋዙ እንዳለ ቫልቩ የተነቀለበት ሲሊንደር እንደ ሮኬት ይወነጨፋል፤ በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። ከአንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም የረከሰ መከላከያ አላውቅም።

ሰባተኛ፦ አሞላል

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሞላው በክብደት ነው። ባዶውን ሲሊንደር አንድ ግራም በሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑ፤ የገበያ ሚዛን ለዚህ አይበቃም። ጥቂት ጋዝ አስገብተው በማስወጣት ሲሊንደሩን ያቀዝቅዙት፤ ካልቀዘቀዘ ፈሳሹ አይገባም። ከዚያም ከትልቁ ሲሊንደር ፈሳሹን አስገብተው ዘግተው እንደገና ይመዝኑ። የጨመረው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ከተጻፈው በአንድ ግራም እንኳ ቢበልጥ ትርፉን ያስወጡ። ከመጠን በላይ የተሞላ ሲሊንደር ጠዋት ደሴ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥና ቀትር ላይ ቆላ ሲደርስ የደኅንነት ቆርቆሮውን (ግፊት ከመጠን ሲያልፍ ተቀዶ ጋዙን የሚለቀውን) ይበጥሳል። ጓንት ያድርጉ፤ የሚያመልጠው ጋዝ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሚደርስ ቆዳን ያቃጥላል። ሥራውን ውጭ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ይሥሩት፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተጠራቅሞ ሰውን ያፍናል።

አየር ሲሞሉ ዋናው ጠላት ዘይትና እርጥበት ነው። በመሙያው ጫፍ ላይ የሞተር ዘይት፣ ግሪስ ወይም ቫዝሊን አይቀቡ፤ በድንገት የሚታመቅ አየር ስለሚግል ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ጫፉን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርገው ቀስ ብለው ይሙሉ። በፍጥነት የተሞላ ሲሊንደር ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ጌጁ ስለሚወርድ «አፈሰሰ» ብለው ይደናገጣሉ። በክረምት የሐምሌ አየር ውኃ ስለሚያዝል የፓምፑን ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይለውጡ፤ የተጠራቀመውንም ውኃ በየመሐሉ ያስወጡ።

ስምንተኛ፦ ሜዳ ላይ

ጭምብሉ ከሲሊንደሩ በፊት ይለበሳል። ሲሊንደሩን ሲያስሩ የፍስስታ ድምፅ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ ኦሪንጉ ተበልቷል፤ ትርፍ ኦሪንግ ሁልጊዜ ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠቀሙ ከሆነ የማርከሩን አፍ ወደ ታች ደፍተው አይተኩሱ፤ ሲሊንደሩ ከቫልቩ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት። ከዚያ ፍጥነቱን ይለኩ። አየር የያዘ ሰው ጠዋት አንድ ጊዜ ከለካ ይበቃዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ግን ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር፣ ቦታ በተለወጠም ቁጥር እንደገና ይለካ፤ ብርድ ላይ ከፍ ያደረገውን ብሎንም ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ይመልስ።

በመንገድ ላይ ሲሊንደሩ ከማርከሩ ተፈትቶ፣ ማርከሩም በርሜሉ ተሸፍኖ በቦርሳ ይያዝ። ዕቃው ከሩቅ የጦር መሣሪያ ስለሚመስል፣ ኬላ ላይ ከመጠየቅዎ በፊት ራስዎ ቢናገሩ፣ ከጨዋታውም በፊት ለቀበሌና ለፖሊስ ቢያሳውቁ ይሻላል። ሲሊንደሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትተው አይሂዱ፤ የተዘጋ መኪና 50 ዲግሪ ሲደርስ በወጉ የተሞላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር እንኳ ከ100 ባር በላይ ይሆናል። ማታ ሲያስቀምጡት ጥቂት ግፊት ይተዉበት፤ ጨርሶ ባዶ የሆነ ሲሊንደር እርጥበትና አቧራ ያስገባል።